የሁለት ነገሥታት ኤጲስ ቆጶስ

በአገራችን ስለ ሞተ ሰው ሲነገር ሁለት ዓይነት አነጋገር የተለመደ ነው። አንደኛው የለቅሶ ቤት አነጋገር ነው፤ ሟቹ እንከን አልነበረበትም ይላል። ሁለተኛው የክስ አነጋገር ነው፤ ሟቹ አንዳች በጎ ነገር አልሠራም ይላል። ሁለቱም ለወጣት አይጠቅሙም። እንከን የለውም ከተባለው ሰው፣ «እኔ እንደ እርሱ ልሆን አልችልም» ብሎ ወጣቱ ይሸሻል፤ ፍጹም ክፉ ነው ከተባለውም፣ «እኔ እንደ እርሱ አይደለሁም» ብሎ ራሱን ሳይመረምር ያልፋል። ትምህርት የሚገኘው ሥራው በሚዛን ተቀምጦ፣ በጎው በበጎነቱ፣ ጉድለቱም በጉድለቱ ከተነገረለት ሰው ነው። እኔም ዛሬ በዚህ ዓይነት ልመዝናቸው ያሰብሁት ሰው፣ በኢየሩሳሌም 33 ዓመት ያህል የአንግሊካን ኤጲስ ቆጶስ ሆነው የኖሩት ሳሙኤል ጎባት ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወጣት አንባቢዬ፣ «ይህ ሰው ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች ምናችን ነው?» ትል ይሆናል። ከቁንዝላ ዳር ቆሞ ሐይቁን ለሚመለከት ሰው በስተ ሰሜን ጎርጎራ፣ ከጎርጎራም በላይ ጎንደር አለ፤ በስተ ምሥራቅ ከውሃው ማዶ የደብረ ታቦር አገር አለ፤ በደብረ ታቦርም አጠገብ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ጎባት ገና ሹመት ሳያገኙ በጎንደር ተቀምጠው ከሊቃውንታችን ጋር ተነጋግረዋል። ከተሾሙ በኋላ ደግሞ የላኳቸው ሰዎች በጋፋት መድፍ ሠርተዋል። እንግዲህ የሕይወታቸው መጀመሪያና መካከል በሐይቃችን ዙሪያ ተጽፎ ይገኛል። ከጎንደር እስከ ጋፋት ያለው መንገድ በእግር ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ከጎንደሩ ጎባት እስከ ጋፋቱ ጎባት ያለው መንገድ ግን ሩቅ ነው። የዚህም ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

የማን ወገን ሆኜ እንደምጽፍ አስቀድሜ ልናገር። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከየኔታ እግር ሥር ነው፤ ዘመናዊውን ትምህርት የቀሰምሁት ግን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያም እስከ ጡረታዬ ድረስ መምህር ሆኜ ኖርሁ። በዚህ ምክንያት የሚሲዮናውያን ስም በተነሣ ቁጥር ሁለት ፍርድ ስሰማ ኖሬአለሁ። አንዱ «ብርሃን ይዘውልን መጡ» ይላል፤ ሌላው «አገር ሊሰልሉ፣ ሃይማኖት ሊያጠፉ መጡ» ይላል። እኔ ለየኔታም ለሚሲዮኑ መምህሬም ብድር አለብኝ። ብድር ያለበት ሰው ደግሞ አበዳሪዎቹን ሁለቱንም በእውነት እንጂ በወገንተኛነት ሊናገርላቸው አይገባም።

ሳሙኤል ጎባት በ1799 በስዊዘርላንድ ክሬሚን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለዱ። በባዝል ከተማ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በፓሪስ ዐረብኛና ግዕዝ አጥንተው፣ በእንግሊዝ አገር የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር በሚባለው ድርጅት ሥር ለኢትዮጵያ ተመደቡ። በግብጽ አገር ለዓመታት ቆይተው፣ በ1829 መጨረሻ ኩግለር ከሚባል ጓደኛቸው ጋር በምፅዋ በኩል ገቡ። የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በመልካም ተቀበሏቸው። በ1830 ጎባት ወደ ጎንደር ወጥተው ግማሽ ዓመት ያህል ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ንጉሥ በስም እንጂ በሥልጣን አልነበረም፤ ጳጳስም ሞቶ ተተኪ አልመጣም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ በቅባት፣ በጸጋና በካራ ክርክር ተከፋፍላ ነበር። እንግዳ ካህን ወደዚህች አገር ሲመጣ ምን እንደሚጠረጠርም ግልጽ ነው። ከጎባት 200 ዓመት በፊት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በዚሁ በሐይቃችን ዳር ተቀምጠው ነበር። ከእነርሱ ዋናው ፔሮ ፓኤዝ በ1622 በጎርጎራ ሞቱ። ዐፄ ሱስንዮስም በዚያው ዘመን የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ። ንጉሡ ከተቀበሉ ሕዝቡ ይከተላል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ የተከተለው ግን ደም መፋሰስ ሆነ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ከዚያ ወዲህ የፈረንጅ ካህን ማለት በሕዝቡ ዘንድ ከንጉሥ ጆሮ ገብቶ ሕዝብን የሚያባላ ሰው ማለት ሆኖ ቀረ።

ጎባት በጎንደር ያደረጉት ከዚህ የተለየ ስለ ነበር ምስጋና ይገባቸዋል። የንጉሥ ደጅ አልጠኑም፤ ከማንም መንግሥት ውል አላመጡም። ይዘው የመጡት በአማርኛ የታተመ ወንጌል ነበር። ያንም ወንጌል የተረጐመው ፈረንጅ አልነበረም፤ በግብጽ ይኖሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊው ሊቅ አባ አብርሃም፣ ፈረንጆች አቡ ሩሚ የሚሏቸው፣ ደክመው የተረጐሙት ነው። ጎባት በቤታቸው ተቀምጠው የመጣውን ሁሉ ይቀበሉ ነበር፤ ካህኑንም፣ ደብተራውንም፣ መነኩሴውንም፣ ቤተ እስራኤሉንም ያነጋግሩ ነበር። ይጠይቋቸዋል፤ ይመልሳሉ፤ ደግሞ ይጠይቃሉ። ሰው የማያምንበትን ሲሰማ ሳይሳደብ መልስ መስጠት በዚያም ዘመን ብርቅ ነበር፤ በዛሬውም ዘመን ብርቅ ነው።

የዚህን ዘመን ታሪክ ጎባት ራሳቸው ጽፈው በ1834 በሎንዶን አሳትመውታል። ስለዚህ መጽሐፍ ሁለት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ የዘመነ መሳፍንትን ጎንደር ለሚያጠና ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም የመኳንንቱን ጦርነት ብቻ ሳይሆን ሰዎች በቤት ውስጥ ስለ ሞት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ምን ይነጋገሩ እንደ ነበር ያሳየናል። ሁለተኛ፣ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ናቸው። የጎንደር ሊቃውንት በቅኔና በትርጓሜ ያደጉ፣ ክርክር እንጀራቸው የሆነ ሰዎች መሆናቸውን እናውቃለን። እነዚህ ሰዎች ከአንድ የ31 ዓመት እንግዳ ፊት ዘወትር ዝም ብለው ይወጡ ነበር ብሎ ማመን ይቸግራል። ምናልባት ዝም ያሉት ተሸንፈው ሳይሆን እንግዳ አክብረው ይሆናል። ወጣት አንባቢዬ፣ አንድ ሰው ብቻውን የጻፈውን ክርክር ስታነብ፣ ያልተጻፈውን የሌላውን ወገን መልስ በልብህ ፈልግ።

ደጉ ዘመን ብዙ አልቆየም። ኩግለር በአደን ላይ ጠመንጃ ፈንድቶበት ከቁስሉ የተነሣ በ1830 መጨረሻ በዐድዋ ሞተ። በየካቲት 1831 ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ጦርነት ተማርከው ተገደሉ። ጎባት ጠባቂያቸውን አጥተው፣ በችግር ተንከራተው፣ በ1832 መጨረሻ ከአገር ወጡ። ከዚያ በኋላ ማሪያ ዜለርን አግብተው በ1835 ከባለቤታቸው ጋር ወደ ዐድዋ ተመለሱ፤ ነገር ግን ሕመም ጸንቶባቸው በ1836 ፈጽመው ወጡ። እርሳቸውን የተኩት ኢዘንበርግ በ1838 ከትግራይ ተባረሩ። ከኢዘንበርግ ጋር የነበሩት ክራፕፍ ወደ ሸዋ ወርደው ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ተወዳጁ፤ በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሐሪስ መጥቶ ውል ሲዋዋል አስተርጓሚና ረዳት ሆኑ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ወደ ሸዋ እንዳይመለሱ ተከለከሉ። ካህን የመንግሥት ውል አስተርጓሚ በሆነ ጊዜ፣ ውሉ ሲበላሽ ወንጌሉም አብሮ እንደሚባረር ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ሹመቱ እንመጣለን። የኢየሩሳሌም ኤጲስ ቆጶስነት የተወለደው ከጸሎት ቤት ብቻ አይደለም፤ ከመንግሥታት ምክር ቤትም ጭምር ነው። በዚያ ዘመን ኢየሩሳሌም በኦቶማን ቱርክ እጅ ነበረች። ፈረንሳይ የሮማ ካቶሊኮች ጠባቂ ነኝ ትል ነበር፤ ሩሲያም የኦርቶዶክሳውያን ጠባቂ ነኝ ትል ነበር። በዚህም ሰበብ ሁለቱም በቱርክ ጉዳይ እጃቸውን ያስገቡ ነበር። እንግሊዝና ፕሩሲያ ግን በቅድስት አገር ጠብቄዋለሁ የሚሉት ሕዝብ አልነበራቸውም። ስለዚህ የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ዊልሄልም አራተኛ ቡንሰን የሚባሉትን መልእክተኛቸውን ወደ ሎንዶን ልከው ተማከሩ። በእንግሊዝም በኩል በኋላ ሎርድ ሻፍትስበሪ የተባሉት የፖለቲካ ሰው ነገሩን ደገፉ። በ1841 የአንግሊካን ኤጲስ ቆጶስ በኢየሩሳሌም እንዲሾም ተስማሙ። ደመወዙ በዓመት 1,200 ፓውንድ ሆነ፤ ግማሹ ከፕሩሲያ ንጉሥ፣ ግማሹ በእንግሊዝ አገር ከተሰበሰበ ገንዘብ የሚከፈል ነበር። ሰውየውንም ሁለቱ መንግሥታት በየተራ እንዲመርጡ ተወሰነ። ነገሩ በእንግሊዝም አገር ብዙ ሰው አሳዝኗል፤ በኦክስፎርድ የነበሩት ታላቁ ሊቅ ጆን ሄንሪ ኒውማን በኋላ ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ለመውጣታቸው አንዱ ምክንያት ይህ ሹመት መሆኑን ራሳቸው ተናግረዋል።

የመጀመሪያው ተሿሚ ሚካኤል ሰሎሞን አሌክሳንደር በ1845 ሞቱ። ተራው የፕሩሲያ ነበርና ንጉሡ ጎባትን መረጡ። በ1846 በሎንዶን ተሾሙ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢየሩሳሌም ገቡ። እስቲ አስተውሉ፤ በትውልድ ስዊስ፣ በመራጫቸው የፕሩሲያ ሰው፣ በማዕረጋቸው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ኤጲስ ቆጶስ፣ በመኖሪያቸው የቱርክ ሱልጣን እንግዳ ሆኑ። ለሁለት ጌታ ስለሚገዛ አገልጋይ የተነገረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጎባት ጌቶች ግን ከሁለትም በላይ ነበሩ። በኢየሩሳሌም ከነበረው ከእንግሊዙ ቆንስል ከጄምስ ፊን ጋር እንኳ ሳይስማሙ ለዓመታት ኖሩ፤ በአንድ ንግሥት ጥላ ሥር ያሉ ሁለት ሰዎች በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ መጣላታቸው ለአሕዛብም ለክርስቲያንም መነጋገሪያ ሆነ።

በዚህ ሹመት ላይ ከመጀመሪያ የተሰጠ አንድ ቃል ነበር። በ1841 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ለምሥራቅ አባቶች በጻፉት ደብዳቤ፣ አዲሱ ኤጲስ ቆጶስ በእነርሱ መንጋ ጉዳይ እንዳይገባ የታዘዘ መሆኑን አስታውቀው ነበር። ጎባት ግን ትምህርት ቤቶች ሲከፍቱ፣ መጽሐፍ ቅዱስም በየመንደሩ ሲያስነብቡ፣ ከኦርቶዶክሳውያን ወገን ሰዎች ወደ እርሳቸው መምጣት ጀመሩ፤ እርሳቸውም ተቀበሏቸው። በ1853 በእንግሊዝ አገር ብዙ ካህናት ጎባት ቃል አፍርሰዋል ብለው ተቃወሙ፤ ሊቃነ ጳጳሳቱ ግን ለጎባት ተከራከሩላቸው። ጎባት የሰጡት መልስ ቀላል አይደለም፤ «እኔ ማንንም ከቤቱ አልጠራሁም፤ መጽሐፍ በማንበባቸው ከቤተ ክርስቲያናቸው የተባረሩትን ደጄን ዘግቼ ልመልሳቸውን?» የሚል ሐሳብ ነበረው።

እኔ በዚህ ጉዳይ የምፈርደው እንዲህ ነው። የተባረረን ሰው መቀበል በጎ ነው። ነገር ግን ለጎረቤት የተሰጠ ቃል አለ። ቃሉ መጠበቅ የማይቻል መስሎ ከታያቸው፣ ወደ ግሪኩ ፓትርያርክ ደጅ ሄደው «ያ ቃል ከእንግዲህ አያስረኝም» ብለው ሊናገሩ ይገባ ነበር። ቃሉ ሳይነሣ፣ ሥራው ደግሞ ከቃሉ ጋር ሳይስማማ ዓመታት አለፉ። ቃልን በግልጽ መመለስ ያሳፍራል፤ ቃልን ሳይመልሱ በሥራ ማፍረስ ግን ከማሳፈርም አልፎ የሚቀጥለውን ሰው ቃል ዋጋ ያሳጣል።

በዚሁ ሚዛን በጎውን ወገን እናስቀምጥ። ጎባት ትምህርት ቤት የሠሩት ለዐረብ ድኾች ልጆች ነው፤ በጽዮን ተራራ ላይ የነበረው ትምህርት ቤታቸው ብዙ መምህራን አውጥቷል፤ ሕንጻውም እስካሁን ትምህርት ይሰጥበታል። ስለ እኛም ሰዎች ዝም አላሉም። በ1838 በኢየሩሳሌም በተነሣው ወረርሽኝ የኢትዮጵያ መነኮሳት አልቀው ገዳማችን ዴር ሱልጣን ባለቤት ያጣ መስሎ ነበር። በኋላም የቁልፉ ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ድኾቹ መነኮሳት መጠጊያ ፈልገው ከሄዱባቸው ደጆች አንዱ የጎባት ደጅ ነበር፤ እርሳቸውም አማርኛ የሚሰማ ጆሮ ነበራቸውና አዳመጧቸው፤ ስለ መብታቸውም መሰከሩላቸው። ከእነዚህ መነኮሳት የሚያገኙት ጥቅም አልነበረም። የጎንደሩ ጎባት በሹመቱ ውስጥ ፈጽሞ እንዳልሞተ ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ወደ ጋፋት እንሻገር። በ1855 ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ጎባት ይህን ሰምተው በዚያው ዓመት ክራፕፍንና ማርቲን ፍላድ የሚባለውን ወጣት ላኩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ከዚያም በኋላ፣ በስዊዘርላንድ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ቤት የወጡ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እነዚህ ካህናት አልነበሩም፤ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ምእመናን ነበሩ። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፤ ንጉሡ የእጅ ባለሙያ ይወዳሉ፤ ሕዝቡም የፈረንጅ ካህን ይጠረጥራል፤ ስለዚህ በእጃቸው ሥራ ይኑሩ፤ ወንጌሉንም በጸጥታ ያስተምሩ።

በዚህ ሐሳብ ውስጥ የሚመሰገን ነገር አለ። በአገራችን አንጥረኛውና ሸማኔው ሲናቁ፣ ቀጥቃጩም ቡዳ እየተባለ ሲሸሽ ኖሯል። የተማሩ ሰዎች መጥተው በገዛ እጃቸው ብረት መምታታቸው ለዚህ ንቀት ታላቅ ተግሣጽ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም ይህን አስተውለዋል። ነገር ግን ራሱን በባለሙያነት ያቀረበ ሰው፣ ንጉሥ በሙያው ባዘዘው ጊዜ ምን ብሎ ይመልሳል? ንጉሡ በጋፋት አሰፈሯቸው፤ መጀመሪያ መንገድና ጋሪ አሠሯቸው፤ ቀጥሎ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አንችልም አሉ፤ ሞክሩ ተባሉ፤ ሞከሩ፤ ተበላሸ፤ እንደገና ሞከሩ፤ ተሳካ። ፍጻሜውም ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ሆነ። ስንት መቶ ሰው እየጎተተው፣ መንገድ እየተቆፈረለት፣ ወራት በፈጀ ጉዞ ከደብረ ታቦር መቅደላ ደረሰ። የወንጌል መልእክተኛ ሆነው የመጡ ሰዎች የእጅ ሥራ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይታያል፤ ይህ ሥራ ግን ወንጌል አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ በጎባት ላይ መጫን ግፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ፣ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ማኅበር የተላኩት ሄንሪ ስተርን መታሰራቸው፣ በ1864 ቆንስሉ ካሜሮን በሰንሰለት መግባታቸው፣ በመጨረሻም የናፒየር ጦር መጥቶ ሚያዝያ 13 ቀን 1868 ንጉሡ በመቅደላ ራሳቸውን መግደላቸው፣ የብዙ ሰዎች ስሕተት ውጤት ነው። ጎባት በኢየሩሳሌም ተቀምጠው የሎንዶን ጸሐፊዎችን ቸልተኝነት ሊያርሙ አይችሉም ነበር። የንጉሡንም ቁጣ ሊያበርዱ አይችሉም ነበር።

ይሁንና በእርሳቸው ድርሻ ላይ አንድ ነገር ይቀራል። መልእክተኞቹ በሁለት ስም መጡ፤ ለላኪያቸው ወንጌላውያን፣ ለተቀባያቸው ባለሙያዎች ነበሩ። ሁለቱም ስሞች ውሸት አልነበሩም። ነገር ግን አንዱ ለአንዱ መጋረጃ ሆነ። ጎባት በጎንደር ሳሉ የመጡበትን ጉዳይ ለጠየቃቸው ሁሉ በግልጽ ይናገሩ ነበር፤ የተከራከራቸውም የሚከራከረውን ሰው ያውቅ ነበር። የጋፋት ሰዎች ግን ይህን ነጻነት ሳያገኙ ቀሩ። የኢየሩሳሌሙ ቃልና የጋፋቱ መጋረጃ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። በሁለቱም ስፍራ ዓላማው በጎ ነው ተብሎ ለጎረቤት የሚነገረው ከሚሠራው አነሰ። እኔ ይህን የሹመት በሽታ እለዋለሁ። ሹመት የሌለው ሰው የሚያስበውን ቢናገር የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ሹመት ያለው ሰው ግን በስተጀርባው ደመወዝ ከፋዮች፣ ድርጅቶች፣ መንግሥታት ስላሉ፣ ቃሉን እየለካ እየቀነሰ መናገር ይለምዳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ስለ ገንዘብ ብቻ ያስባል። ጎባት ገንዘብ አልበሉም። የሹመት ጉዳት ግን መብላት ብቻ አይደለም።

በመምህርነት ዘመኔ አንድ ጊዜ የሆነውን ልናገር። አንድ ድርጅት፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ለተማሪዎቻችን ደብተርና እርሳስ ይዞ መጣ። ልጆቹ ሲቀበሉ በአንድ ወረቀት ላይ አስፈረማቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ወረቀት፣ ፈራሚዎቹ ሁሉ የድርጅቱ ዓላማ ደጋፊዎች ናቸው ተብሎ ለሌላ ጉዳይ መቅረቡን ወላጆች ሰሙ። ደብተሩ መልካም ደብተር ነበር፤ ልጆቹም ተምረውበታል። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ክትባት የሚሰጡ ሰዎች በመጡ ጊዜ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ከቤት አላወጡም። የመጀመሪያው ሰው የደበቀው ነገር የሁለተኛውን ሰው እውነት አሳጣው። ትንሹ ነገር ከትልቁ ጋር አንድ ሕግ አለው።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ ወቀሳ ለምን? ጋፋት ፍሬ አላፈራምን?» ይሉ ይሆናል። አፍርቷል። ከመድፍ ሠሪዎቹ አንዱ ቴዎፊል ዋልድማየር ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደው በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በኋላም አስፉሪዬ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረቱ። ፍላድ ያሳደጉት ሚካኤል አረጋዊም በቅዱስ ክሪሾና ተምሮ ተመልሶ በቤተ እስራኤል መካከል ሲያስተምር ኖረ። እንዲህ ያለው ፍሬ ግን የሚያስረዳን ሌላ ነገር ነው። ዋልድማየር በሊባኖስ ትምህርት ቤትን ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልን ሆስፒታል ብለው ከፈቱ፤ መጋረጃ አላስፈለጋቸውም። ያው እጅ፣ ስሙን በግልጽ በጠራ ጊዜ፣ ከመድፍ ይልቅ የሚቆይ ሥራ ሠራ።

ጎባት ግንቦት 11 ቀን 1879 በኢየሩሳሌም ሞተው በጽዮን ተራራ ተቀበሩ። ሁለቱ መንግሥታት በየተራ የሚሾሙበት ውልም ከእርሳቸው በኋላ አልጸናም፤ በ1886 ፈረሰ። የነገሥታት ስምምነት 45 ዓመት ብቻ ኖረ። በ1884 የታተመው የሕይወት ታሪካቸው እንደ ቅዱስ አድርጎ ያቀርባቸዋል፤ በአገራችን የሚነገረው ወሬ ደግሞ እንደ ሰላይ ያደርጋቸዋል። የሁለቱም ጸሐፊዎች ሚዛን አንድ ጎን የሌለው ሚዛን ነው። እኔ ያገኘኋቸው ጎባት ታጋሽ፣ ድኻ ወዳድ፣ ለመማር ያልታከቱ ሰው ናቸው፤ ሹመታቸው ግን ከራሳቸው በላይ ከባድ ነበር፤ ከሹመቱም ጋር የመጣውን ግማሽ ቃል መናገር ለመዱ።

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም ነገ ትሾማላችሁ። ከእናንተ አንዱ የቀበሌ ጸሐፊ፣ አንዱ ርእሰ መምህር፣ አንዱ ካህን ወይም ሰባኪ፣ አንዱም የውጭ ድርጅት ሠራተኛ ይሆናል። ደመወዛችሁን ማን እንደሚከፍል ዕወቁ፤ ለጠየቃችሁም ንገሩ። አስቀድሞ የነበረው ሰው በስማችሁ ለጎረቤት የገባው ቃል ካለ ፈልጋችሁ አንብቡት፤ መጠበቅ ካልቻላችሁ በግልጽ መልሱት። የመጣችሁበትን ጉዳይ በደጃፍ በምትናገሩበት ቋንቋ በእልፍኝም ተናገሩት። ይህን ያደረገ ሰው ብዙ ደጆች ይዘጉበታል፤ ይህን አልሸሽግም። የተከፈተለት አንዱ ደጅ ግን ልጅ ልጆቹም ሲያንኳኩ ይከፈታል።